ሩቅ ያለ ሰርቨርን በአይድራክ ማስተዳደር፦ ከሰርቨር ክፍሉ ከመውጣታችሁ በፊት የሚሠራው ሥራ

«ሰርቨሩ ጠፍቷል፣ ቅርንጫፉ ጅማ ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ ሆኜ ላበራው እችላለሁ?» ይህን ሳልጠየቅ የማልፈው ሳምንት ጥቂት ነው። መልሴም ሁሌ አንድ ነው፦ ሰርቨሩ ፊታችሁ በነበረ ጊዜ አዘጋጅታችሁት ከሆነ ትችላላችሁ፤ ካላዘጋጃችሁት መኪና ፈልጉ። ስለዚህ የምጽፈው ሰርቨሩ ገና ከካርቶን ሲወጣ አጠገቡ ለቆመ ሰው ነው።

የምንሠራው በዴል ፓወርኤጅ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ አይድራክ የሚባል ራሱን የቻለ ትንሽ ኮምፒውተር አለ። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ኔትወርክ ፖርት፣ የራሱ አይፒ አድራሻ አለው። ሰርቨሩ ጠፍቶም፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቶም፣ ጭራሽ ሀርድ ዲስክ ሳይኖረውም፣ የኃይል ገመዱ ከሶኬት እስካልተነቀለ ድረስ አይድራኩ ይሠራል። ከሩቅ ማብራት የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

መመሪያው አይድራክ 9 ላላቸው፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለወጡት እንደ አር640 እና አር740 ላሉ ሰርቨሮች ነው። የያዛችሁት አይድራክ 8 ያለው አር730 ከሆነ የሜኑው ቦታ ይለያያል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። ኤችፒ ለያዛችሁ መጨረሻው ላይ ጥቂት መስመር አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ቪጂኤ ያለው ሞኒተርና የዩኤስቢ ኪቦርድ። ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ተውሳችሁም ቢሆን አምጡ።
- ላፕቶፕ። የኔትወርክ ቀዳዳ ከሌለው ከዩኤስቢ ወደ ኔትወርክ የሚቀይር አዳፕተር።
- ቢያንስ ሁለት የኔትወርክ ኬብል፦ አንዱ ለሰርቨሩ፣ አንዱ ለአይድራኩ።
- መረጃ የሚያስተላልፍ ማይክሮ ዩኤስቢ ኬብል። ስልክ ከመሙላት ሌላ የማይሠራ ኬብል እዚህ አይጠቅምም።
- ከኔትወርክ ሠራተኛው የተሰጠ፣ ለአይድራክ ብቻ የተመደበ አይፒ፣ ሰብኔት ማስክ (የኔትወርኩን ስፋት የሚለይ ቁጥር)፣ ጌትዌይ (ወደ ሌላ ኔትወርክ የሚያወጣው በር)፣ ካለም የቪላን (አንድን ስዊች ለተለያዩ ኔትወርኮች የሚከፋፍል ክልል) ቁጥር። በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።
- የአይድራክ ኢንተርፕራይዝ ላይሰንስ። ሰርቨሩን ማብራትና ማጥፋት ያለሱ ይቻላል፤ የሰርቨሩን ስክሪን ከሩቅ ማየትና አይኤስኦ ፋይል (የመጫኛ ዲስክ ሙሉ ቅጂ) ማያያዝ ግን ይህን ላይሰንስ ይጠይቃል። ሰርቨር ሲገዛ የሚረሳው ይህ ነውና ከመግዛታችሁ በፊት ፕሮፎርማው ላይ መኖሩን አረጋግጡ።
- ከዋናው ቢሮ ወደ ቅርንጫፉ የሚያደርስ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ውስጥ የሚያልፍ የተመሰጠረ የግል መስመር)።

ማስጠንቀቂያ፦ አይድራክን በሕዝብ አይፒ ቀጥታ ኢንተርኔት ላይ አታውጡት፤ ራውተር ላይም ፖርት አትክፈቱለት። አይድራክ የያዘ ሰው ሰርቨሩን ራሱን እንደያዘ ነው፦ ያጠፋል፣ ዲስኩን ይሰርዛል፣ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይጭናል። «ለጊዜው ነው» ተብሎ የተከፈተ ፖርት ዓመት ሲከርም አይቻለሁ።

1. ገመዶቹን በቦታቸው ሰኩ

ከሰርቨሩ ኋላ ከሌሎቹ የኔትወርክ ፖርቶች ተለይታ የቆመች አንዲት ፖርት አለች፤ የአይድራክ ናት። አንዱን ኬብል እዚያ ሰክታችሁ ወደ ስዊቹ ውሰዱ። ሁለቱን ፓወር ሰፕላይ ደግሞ በተለያየ ማከፋፈያ ላይ ሰኩ። ሁለቱም አንድ ማከፋፈያ ላይ ከሆኑ፣ ማከፋፈያው ሲወድቅ ሰርቨሩም አይድራኩም አብረው ይጠፋሉ፤ ያን ጊዜ ከሩቅ የምትነኩት ነገር የለም።

ኃይል ካገኘ በኋላ አይድራኩ ለመነሣት ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። ወዲያው ካልመለሰ አትደናገጡ፤ ገመድ መንቀልና መሰካት ሥራውን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

ከዚያ የፖርቷ መብራት መብራቱን በዓይናችሁ እዩ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። እኔ አንድ ጊዜ ሳላይ ወጥቼ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ላሉት ጥበቃ ስልክ ደውያለሁ። «ጋሼ፣ ከኋላ በኩል ለብቻዋ ያለችው ቀዳዳ ላይ አረንጓዴ መብራት ይታይዎታል?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እዚህ እኮ ሁሉም ቀዳዳ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ገመዱ ስዊች ላይ ያልደረሰ የግድግዳ ሶኬት ውስጥ ተሰክቶ ነበር። አሁን የሰርቨሩን ጀርባ ፎቶ ሳላነሣ፣ በአይድራክ ኬብሉ በሁለቱም ጫፍ ቀይ ፕላስተር ሳልጠቀልል አልወጣም። «ቀይ የተጠቀለለበትን» ማለት ለማንም ይገባል።

2. የፋብሪካውን ፓስወርድ አግኙ

ሰርቨሩ ፊት ለፊት የምትሳብ ትንሽ የመረጃ ካርድ አለች። የሰርቪስ ታጉ (የሰርቨሩ መለያ) እና የአይድራኩ የመጀመሪያ ፓስወርድ እዚያ ላይ ይገኛሉ፤ በሁለቱም ገጿ ፎቶ አንሷት። የተጠቃሚው ስም «ሩት» ነው። በቀድሞዎቹ ሰርቨሮች፣ እንዲሁም ሲታዘዝ እንዲያ ተብሎ በተጠየቀባቸው አዳዲሶቹ ላይ ፓስወርዱ «ካልቪን» ነው፤ ስሙም ፓስወርዱም በላቲን ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። ይህን ፓስወርድ ዓለም በሙሉ ያውቀዋል፤ ለዚህ ነው ደረጃ 5 የማይዘለለው።

3. አይፒ አድራሻውን ሙሉ

ሞኒተርና ኪቦርድ ሰክታችሁ ሰርቨሩን አብሩ። የዴል ምልክት ሲወጣ ኤፍ2 ተጫኑ። «ሲስተም ሴትአፕ» ይከፈታል፤ ሦስት ምርጫ አለው፦ «ሲስተም ባዮስ»፣ «አይድራክ ሴቲንግስ»፣ «ዲቫይስ ሴቲንግስ»። ሁለተኛውን፣ ከዚያ «ኔትወርክ»ን ምረጡና እንዲህ ሙሉ፦

- «ኢነብል ኒክ»፦ ኢነብልድ። ኒክ ማለት የኔትወርክ ፖርቱ ነው።
- «ኒክ ሴሌክሽን»፦ ዴዲኬትድ። ሌላው ምርጫ አይድራኩ የሰርቨሩን ተራ ፖርት እንዲጋራ ያደርገዋል። ኬብል ይቆጥባል፤ ግን ነገ አንድ ሰው የዚያን ፖርት ስዊች ሲነካካ አይድራኩም አብሮ ይሄድባችኋል።
- «ኢነብል ዲኤችሲፒ» (አይፒን በራሱ የሚያድለው አገልግሎት)፦ ዲሴብልድ። አድራሻው በየጊዜው የሚቀያየር ከሆነ በችግር ሰዓት የት እንደምትፈልጉት አታውቁም።
- ስታቲክ አይፒ፣ ጌትዌይ፣ ሰብኔት ማስክ፦ ከተሰጣችሁ ወረቀት ላይ።
- «ኢነብል አይፒኤምአይ ኦቨር ላን»፦ የምትጠቀሙበት የመከታተያ ሶፍትዌር በግድ ካልጠየቀ ዲሴብልድ። አይፒኤምአይ ሰርቨርን ከሩቅ ለመቆጣጠር የሚያገለግል የመገናኛ ስምምነት (ፕሮቶኮል) ነው፤ 2.0 የተባለው ተጠቃሚው ከመረጋገጡ በፊት የፓስወርዱን ሀሽ (የተለወጠ ምስጢራዊ ቅርጹን) ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል፤ ድክመቱ ከስምምነቱ ከራሱ ስለሆነ በፈርምዌር (ዕቃውን በሚያንቀሳቅሰው የውስጥ ሶፍትዌር) ማሻሻያ አይድንም።

ጌትዌዩ ላይ ቆም በሉ። አይድራክ ከፋብሪካ ሲወጣ አድራሻው 192.168.0.120፣ ጌትዌዩ 192.168.0.1 ነው። ብዙ ሰው አይፒውን ይቀይርና ጌትዌዩን እንዳለ ይተወዋል። እዚያው ክፍል ውስጥ ካለ ላፕቶፕ ሲሞከር አንድ ኔትወርክ ላይ ስለሆኑ ይሠራል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዋናው ቢሮ ሲሞከር ግን ምላሽ የለም፤ አይድራኩ መልሱን በየት በኩል እንደሚልክ አያውቅምና።

ስትጨርሱ «ባክ»፣ ከዚያ «ፊኒሽ» በሉ፤ ሲጠይቃችሁ ማስቀመጡን አጽኑ። ሳያጸኑ መውጣት ሁሉንም ይሰርዘዋል።

ሞኒተር ካጣችሁ ሌላ መንገድ አለ። ሰርቨሩ ፊት ያለችው ማይክሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ «አይድራክ ዳይሬክት» ትባላለች። ከላፕቶፕ ጋር አገናኟትና ብራውዘር ላይ በኤችቲቲፒኤስ 169.254.0.3 ክፈቱ። ያው የአይድራክ ገጽ ይመጣል፤ ከላይ ያለውን ሁሉ እዚያ መሙላት ትችላላችሁ። ላፕቶፑ ላይ ዋይፋይ ክፍት ከሆነ አንዳንዴ መንገዱን ይሻማልና ዝጉት።

4. ከሁለት ቦታ ሞክሩ

መጀመሪያ ከዚያው ክፍል በላፕቶፕ ግቡ። ብራውዘሩ ሰርተፊኬቱን እንደማያምነው ያስጠነቅቃል፤ ሰርተፊኬቱ አይድራኩ ለራሱ የሰጠው ስለሆነ ነው። አድራሻው የእናንተ መሆኑን አይታችሁ እለፉት። ቀጥሎ ዋናው ቢሮ ላለ የሥራ ባልደረባ ደውላችሁ በቪፒኤን እንዲገባ አድርጉ። ሁለተኛው ሙከራ ካልሠራ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ፤ ወደ ደረጃ 5 አትለፉ።

5. ፓስወርዱን ቀይሩ፣ ሁለተኛ ሰው ጨምሩ

«አይድራክ ሴቲንግስ»፣ «ዩዘርስ» ውስጥ የሩትን ፓስወርድ ቀይሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ባለሙያ የየራሱን ስም ክፈቱ። አይድራክ እስከ 16 የውስጥ ተጠቃሚ መያዝ ይችላል፤ የመጀመሪያው ቦታ የተያዘ ነው፣ ሩት ሁለተኛው ላይ ነው። ለሚከታተል ብቻ «ሪድ ኦንሊ»፣ ለሚያበራና ለሚያጠፋ «ኦፕሬተር»፣ ለእናንተ «አድሚኒስትሬተር» ስጡ። የየራስ ስም የሚከፈተው ሎጉ ላይ ማን ምን እንዳደረገ እንዲታይ ነው። ሁሉም በሩት ከገባ «ማነው ሰርቨሩን ያጠፋው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝም።

ሩትን መዝጋት ካማራችሁ፣ በአዲሱ አድሚኒስትሬተር ወጥታችሁ ገብታችሁ ከፈተናችሁ በኋላ ይሁን።

6. ፈርምዌሩን አሁን አድሱ

ሰርቨሩ ገና ሥራ ሳይጀምር፣ እናንተም አጠገቡ ቆማችሁ ሳለ የሚሻል ጊዜ የለም። ከዴል የድጋፍ ገጽ ላይ የሰርቪስ ታጉን አስገብታችሁ ለባዮስ (ሰርቨሩን ለሚያስነሣው ሶፍትዌር)፣ ለአይድራክና ለሬይድ ካርዱ (ዲስኮቹን ለሚያጣምረው ካርድ) የወጡትን አውርዱ። እዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ በአይድራክ ገጽ በኩል የምትጭኑት የዊንዶውሱን ባለ64 ቢት ፋይል ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ሊኑክስ ቢኖርም፣ ምንም ባይኖርም። ፋይሉን የሚከፍተው አይድራኩ እንጂ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይደለም።

«ሜንተናንስ»፣ «ሲስተም አፕዴት» ግቡና ፋይሉን ስቀሉ። መጀመሪያ አይድራኩን፣ ቀጥሎ ባዮሱን፣ ከዚያ ሌላውን። የአይድራኩ እድሳት ሰርቨሩን አያጠፋም፤ ራሱ አይድራኩ ግን ተነሥቶ እስኪመለስ ለጥቂት ደቂቃ ገጹ ይጠፋል። ባዮስ ግን ሰርቨሩ እንዲነሣ ይፈልጋል። ቨርሽኑ በጣም ያረጀ ከሆነ ወደ መጨረሻው በአንድ ጊዜ መዝለል ላይፈቅድ ይችላል። ከፋይሉ ጋር ያለው ማብራሪያ መካከለኛውን ቨርሽን ይነግራችኋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዩፒኤሱ ሙሉ ባይሆንና መብራቱ እየመጣ እየሄደ ከሆነ እድሳቱን ተዉት። ባዮስ በመጻፍ ላይ ሳለ ኃይል የሚቋረጥበት ሰርቨር የማዘርቦርድ ወጪ ሊያስከትል ይችላል።

7. ሰዓቱን አስተካክሉ

«አይድራክ ሴቲንግስ»፣ «ሴቲንግስ» ውስጥ የሰዓት ክልሉን ወደ አዲስ አበባ ቀይሩ፤ ቢሮአችሁ የኤንቲፒ (ሰዓት የሚያስተካክል) ሰርቨር ካለው አድራሻውን ስጡት። ምክንያቱ ሎጉ ነው። ጥበቃው «ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ» ሲሏችሁ፣ ሎጉ ላይ የምትፈልጉት 03:00 ነው። የሰዓት ክልሉ ሳይስተካከል በዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከቀረ ደግሞ 00:00 ላይ ታገኙታላችሁ። ይህን ያላወቀ ሰው ስድስት ሰዓት ወዲያ ያለውን ሎግ ሲያገላብጥ ያድራል።

8. መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ምን ያድርግ?

ይህን ደረጃ ረዘም አድርጌዋለሁ፤ ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎቹ ከዚህ ይነሣሉና።

ኤፍ2፣ «ሲስተም ባዮስ»፣ «ሲስተም ሴኩሪቲ» ውስጥ «ኤሲ ፓወር ሪከቨሪ» የሚል አለ። ሦስት ምርጫ አለው። «ላስት» ማለት ኃይል ከመቋረጡ በፊት እንደነበረው ይሁን ነው፤ በርቶ ከነበረ ይበራል፣ ጠፍቶ ከነበረ ጠፍቶ ይቆያል። «ኦን» ማለት ሁሌም ይበራል። «ኦፍ» ማለት ሰው እስኪያበራው ይጠብቃል።

አብዛኛው ሰው «ላስት»ን ይመርጣል፤ ዩፒኤስ ከሌለ ልክ ነው። ዩፒኤሱ ባትሪው ሲያልቅ ሰርቨሩን በሥርዓት እንዲያጠፋ ከተደረገ ግን ወጥመድ አለበት። ሶፍትዌሩ ዊንዶውሱን በሥርዓት አጠፋ፤ ሰርቨሩ ጠፋ፤ ከዚያ ባትሪው አለቀ። እንግዲህ የመጨረሻው ሁኔታው «ጠፍቷል» ነው። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ትእዛዙን አክብሮ ጠፍቶ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ዩፒኤስ ካላችሁ «ኦን»ን ምረጡ።

«ኦን» ላይም ቢሆን አንድ ቀዳዳ ይቀራል። ሰርቨሩ በሥርዓት ከጠፋ በኋላ የዩፒኤሱ ባትሪ ሳያልቅ መብራት ከተመለሰ፣ ሰርቨሩ ኃይል የተቋረጠበት ጊዜ ስለሌለ «ተመለሰ» የሚለው ነገር የለም፤ አይበራም። ያን ጊዜ ከአይድራኩ ገጽ «ፓወር ኦን» ማለት ብቻ ነው።

ከሥሩ «ኤሲ ፓወር ሪከቨሪ ዲሌይ» አለ። «ዩዘር ዲፋይንድ» አድርጉና 120 ሰከንድ ስጡት። መብራት ሲመለስ መጀመሪያ ብልጭ ብሎ ተመልሶ መሄድ ልማዱ ነው፤ ሰርቨሩ በዚያ መሐል መነሣት ጀምሮ ደግሞ ባይወድቅ ይሻላል። ስዊቹና ራውተሩም ቀድመው ይነሣሉ። ብዙ ሰርቨር ካላችሁ የየአንዳንዱን ሰከንድ አለያዩ፤ ሁሉም እኩል ሲነሡ የሚስቡት ኃይል ዩፒኤሱን ሊጥለው ይችላል።

9. ዲስኮቹን አደራጁ

ከአይድራኩ ገጽ «ስቶሬጅ»፣ «ቨርቹዋል ዲስክስ»፣ «ክሪኤት ቨርቹዋል ዲስክ»። ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሁለት ዲስክ በሬይድ 1 (አንዱ የሌላው ቅጂ ሆኖ) በቂ ነው። ለዳታው ግን አስሉ። አራት ባለ1.2 ቴራባይት ዲስክ ካላችሁ፦ ሬይድ 5 ላይ 3.6 ቴራባይት ታገኛላችሁ፣ አንድ ዲስክ ሲሞት ትተርፋላችሁ። ሬይድ 6 ላይ 2.4 ይሆናል፣ የትኞቹም ሁለት ቢሞቱ ትተርፋላችሁ። ሬይድ 10 ላይም 2.4 ነው፤ ለዳታቤዝ ይፈጥናል፣ ሁለት ሲሞቱ ግን የምትተርፉት እርስ በርስ ቅጂ የሆኑ ጥንድ ካልሆኑ ብቻ ነው። ምትክ ዲስክ በአንድ ቀን ለማይደርስበት ቅርንጫፍ እኔ ሬይድ 6 እመርጣለሁ፤ ካልሆነም ሬይድ 5 አድርጌ አንድ ዲስክ ለ«ሆት ስፔር» አስቀምጣለሁ። ሆት ስፔር አንዱ ሲሞት ሰው ሳይነካው ቦታውን ይይዛል።

ምርጫውን ስትጨርሱ «አድ ቱ ፔንዲንግ» ይላል። ይህን ተጭኖ መሄድ የታወቀ ስህተት ነው፤ ገና ምንም አልተሠራም፣ ተራ ላይ ነው የተቀመጠው። «አፕላይ ናው» በሉና «ጆብ ኪው» ውስጥ ገብታችሁ 100% መድረሱን ተመልከቱ።

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ቨርቹዋል ዲስክ ስትፈጥሩ በዲስኮቹ ላይ የነበረውን ዳታ እንዳለቀ ቁጠሩት። ከሩቅ ሆናችሁ ስትሠሩ፣ ከመጫናችሁ በፊት የሰርቪስ ታጉን ከገጹ አንብቡና ከፎቷችሁ ጋር አመሳክሩ። ሁለት ታብ ከፍቶ የተሳሳተውን ሰርቨር ለመንካት ደቂቃ አይፈጅም።

10. ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከሩቅ ጫኑ

ከዳሽቦርዱ «ቨርቹዋል ኮንሶል»ን ክፈቱ፤ ዓይነቱን ኤችቲኤምኤል5 አድርጉ። ሞኒተር ፊት እንደተቀመጣችሁ የሰርቨሩን ስክሪን ታያላችሁ። ኤፍ2 ወይም ኤፍ11 በሰዓቱ ለመጫን ከኔትወርክ መጎተት ጋር አትታገሉ። ኮንሶሉ ላይ «ቡት» የሚለውን ሜኑ ከፍታችሁ ቀጣዩን መነሻ ምረጡ፦ ባዮስ ሴትአፕ፣ ላይፍሳይክል ኮንትሮለር፣ ቨርቹዋል ሲዲ። ሰርቨሩን ስታስነሡት በቀጥታ እዚያ ይገባል፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ከዚያ ወደ ልማዱ ይመለሳል።

አይኤስኦውን ለማያያዝ «ቨርቹዋል ሚዲያ»ን ትጠቀማላችሁ። ከመጀመራችሁ በፊት ግን የመስመራችሁን ፍጥነት አስሉ። ፋይሉ ያለው ላፕቶፓችሁ ላይ ስለሆነ ሰርቨሩ የሚያነበው እያንዳንዱ ባይት በቪፒኤኑ ያልፋል። 5 ጊጋባይት በ4 ሜጋቢት መስመር 10,000 ሰከንድ ነው፤ ወደ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ፣ ያውም ሳይቋረጥ። መሐል ላይ ቪፒኤኑ ከወደቀ ጭነቱ እንደ አዲስ ነው።

መፍትሔው ፋይሉን ቀድሞ ወደ ቅርንጫፉ ማድረስ ነው። እዚያ ባለ አንድ ኮምፒውተር ወይም ሌላ ሰርቨር ላይ የተጋራ ፎልደር ክፈቱና አይኤስኦውን አስቀምጡ፤ በፍላሽ ይሂድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ይውረድ፣ ግድ የለም። ከዚያ አይድራኩ ላይ በቨርቹዋል ሚዲያ ገጽ «ሪሞት ፋይል ሼር» በሚለው በኩል ያንን ፎልደር አሳዩት። አይድራኩ ፋይሉን ከጎረቤቱ ያነባል፣ በቪፒኤኑ የሚያልፈው የስክሪኑ ምስል ብቻ ይሆናል። ላፕቶፓችሁ ቢዘጋም ጭነቱ ይቀጥላል።

ዊንዶውስ ሰርቨር ስትጭኑ ዲስክ አላይ ካላችሁ የጎደለው የሬይድ ካርዱ ድራይቨር ነው። ላይፍሳይክል ኮንትሮለር በሚባለው (ሲነሣ ኤፍ10) «ኦኤስ ዲፕሎይመንት» በኩል ከሄዳችሁ ድራይቨሩን ራሱ ያቀርባል።

11. ማስጠንቀቂያ ወደ ኢሜይላችሁ ይምጣ

«ኮንፊገሬሽን»፣ «ሲስተም ሴቲንግስ» ውስጥ አለርቱን ክፈቱ፣ የኢሜይል ሰርቨሩን ስጡ፣ የሙከራውን መልእክት ላኩ። ሁሉንም አትምረጡ፤ በቀን ሃምሳ መልእክት የሚደርሰው ሰው አንዱንም አያነብም። ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ፋንና ሙቀት ይበቃሉ። ከሁለት ፓወር ሰፕላይ አንዱ ሲሞት ሰርቨሩ ምንም ሳይመስለው ይሠራል፤ የምታውቁት ሁለተኛው ሲሞት እንዳይሆን ነው።

እግረ መንገዳችሁን «ሰርቨር ኮንፊገሬሽን ፕሮፋይል» ውስጥ «ኤክስፖርት» ብላችሁ ቅንብሩን አስቀምጡ። ማዘርቦርድ ቢቀየር መመለሻ ይሆናችኋል። ይህንኑ ፋይል ሌላ ሰርቨር ላይ ለመጫን ካሰባችሁ ባዮሱን ብቻ መርጣችሁ አውጡ፤ አለዚያ አይፒውም የሬይዱም ቅንብር አብሮ ይሄዳል።

12. ከመውጣታችሁ በፊት አጥፉት

ሞኒተሩንና ኪቦርዱን ንቀሉ። የሰርቨር ክፍሉን በር ቆልፉና ውጡ። ላፕቶፓችሁን ከቢሮው ኔትወርክ አላቁና በስልካችሁ ኢንተርኔት፣ በቪፒኤን ግቡ። ከዳሽቦርዱ «ግሬስፉል ሻትዳውን» በሉ፣ መጥፋቱን ጠብቁ፣ ከዚያ «ፓወር ኦን» በሉ፣ ኮንሶሉን ከፍታችሁ እስኪነሣ ተመልከቱ። ይህ ከሠራ ብቻ ወደ መኪናው ሂዱ።

እግረ መንገድ፣ የኃይል ምርጫዎቹ አንድ አይደሉም። «ግሬስፉል ሻትዳውን» ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን በሥርዓት እንዲዘጋ ይጠይቀዋል፤ የተቆለፈበት ሲስተም ላይሰማ ይችላል። «ሪሴት» ኃይሉን ሳያቋርጥ ያስነሣዋል። «ፓወር ሳይክል» ቆርጦ ይመልሳል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ዳታቤዝ በሚሠራበት ሰርቨር ላይ ሌላ መንገድ ሲጠፋ ብቻ ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- መብራቷ በርታለች፣ ግን አይድራኩ አይመልስም። ስዊቹ ላይ ፖርቱ ለቪላኑ ያለ ታግ (ያለ ቁጥር ምልክት) ተመድቦ ሳለ አይድራኩም ላይ የቪላን ቁጥር ከሞላችሁ አይግባቡም። አንዱ ጋ ብቻ ይሁን።
- ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ አንዴ ይመልሳል፣ አንዴ አይመልስም። ያንን አይፒ የያዘ ሌላ ዕቃ አለ፤ ብዙ ጊዜ ፕሪንተር ወይም ካሜራ ነው። አድራሻውን ዲኤችሲፒው ከሚያድለው ክልል አስወጡት።
- ገጹ ይከፈታል፣ ኮንሶሉ አይከፈትም። ላይሰንሱን እዩ። ካለ፣ መሐል ያለው ፋየርዎል ፖርት 443ን (የገጹን) ፈቅዶ ፖርት 5900ን (የኮንሶሉን) ከልክሎ ይሆናል። በቪፒኤኑ ውስጥ ሁለቱንም ፍቀዱ።
- አይድራኩ ራሱ ደንዝዟል፣ ሰርቨሩ ግን እየሠራ ነው። ሰርቨሩን ማጥፋት አያስፈልግም። ፊት ለፊት ያለችውን የ«አይ» ምልክት ቁልፍ 16 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ አይድራኩን ብቻ ያስነሣዋል፤ ቅንብሩ አይጠፋም። ይህን ጥበቃውም ሊያደርጉት ይችላሉ፣ ግን ቁልፏን በስልክ ሳይሆን በፎቶ አሳዩአቸው። አጠገቧ የማጥፊያው ቁልፍ እንዳይነካ።
- ፓስወርዱ ጠፍቷል። ሰርቨሩ አጠገብ ሄዶ ኤፍ2፣ «አይድራክ ሴቲንግስ»፣ «ዩዘር ኮንፊገሬሽን» ውስጥ መቀየር ይቻላል፤ ሰርቨሩ ግን መነሣት አለበት።

ሰርቨራችሁ ኤችፒ ከሆነ

የአይድራኩ አቻ አይሎ ይባላል። በፕሮላያንት ጄን10 ላይ አይሎ 5 ነው። ፖርቷ ለብቻዋ ናት፤ የተጠቃሚው ስም «አድሚኒስትሬተር» ሆኖ፣ ባለ8 ፊደል ፓስወርዱ ከሰርቨሩ ጋር በሚመጣው ተሳቢ መለያ ላይ ተጽፏል። ሴትአፑ በኤፍ9፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫኛው በኤፍ10 ይከፈታል። ከፋብሪካ ሲወጣ አይፒ የሚጠብቀው ከዲኤችሲፒ ስለሆነ መጀመሪያ ያንን ቀይሩ። ዲኤል እና ኤምኤል ተብለው በሚታወቁት ሰርቨሮች ላይ አንድ ነገር ያደናግራል፦ አድቫንስድ ላይሰንስ ሳይኖር ኮንሶሉ ሰርቨሩ ሲነሣ ይታያል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሊጀምር ሲል ግን ይዘጋል። ዕቃው ተበላሽቶ ሳይሆን ላይሰንሱ የሚፈቅደው እስከዚያ ድረስ ስለሆነ ነው።